ያልተቆጣው ደዋይ

ኤልዳና ሥራ ከመጀመሯ በፊት ዝንጅብል በተፈላበት ውሃ ትጉመጠመጣለች። ጉሮሮ ካልለሰለሰ ስድብ አይወጣም። ከዚያ ወንበሯን ትስባለች፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ታጠልቃለች፤ የመጀመሪያው ደዋይ "ጤና ይስጥልኝ" ብሎ ሳይጨርስ "አንተ ሞላጫ፣ በጠዋቱ ምን ልትሰርቅ መጣህ!" ብላ ትቀበለዋለች። ደመወዝ የሚከፈላት ለዚህ ነው።

መሥሪያ ቤቱ አዳማ ከተማ ዳር ያለ የመድኃኒት አከፋፋይ ነው። የእሷ ክፍል በሩ ላይ "የማጭበርበር መከላከል ክፍል" ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሠራተኛው ግን "ስድብ ቤት" ነው የሚለው። ድሮ አርባ ሰው ይሠራበት ነበር። አሁን ኤልዳና አለች፣ አለቃዋ አቶ ናሆም አለ፣ የተቀረው ባዶ ወንበር ነው። የተባረሩት ሰዎች ሹራቦች አንዳንዶቹ ወንበሮች ላይ እስከ ዛሬ ተንጠልጥለዋል፤ የሚያነሣቸው የለም።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ደዋይ ይሰደባል። ከተቆጣ ሰው ነው፣ ያልፋል። ከታገሠ ሰው መስሎ የሚያጭበረብር ማሽን ነው፣ ይዘጋበታል።

እዚህ ከመደረሱ በፊት ያልተሞከረ ነገር የለም። በድምፅ መለየት ተሞከረ፤ ማሽኖቹ ድምፅ ሰረቁ። በመልክ ተሞከረ፤ መልክም ሰረቁ። አያት ቅድመ አያት ማስቆጠር ተሞከረ፤ የሰውን የዘር ሐረግ ከባለቤቱ የበለጠ አሳምረው ቆጠሩት። አንድ ቀን ጠዋት የድርጅቱ ባለቤት ድምፅ ለአርባውም ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ደወለ። ለእያንዳንዱ እሱ የሚያምነውን ምክንያት ነግሮ የመጋዘኑን ግማሽ አስጭኖ ወሰደው። ከአርባው አንድ እንኳ "ለመሆኑ አንተ ማነህ?" ያለ አልነበረም። እንዴት ይበል? አለቃ ነዋ! ማሽኖቹ እኛ ዘንድ ያገኙት ትልቁ ሀብት ገንዘባችን አልነበረም፤ ይሉኝታችን ነበር። እንግዳን አላመንኩህም ማለት ነውር የሆነበት አገር ለሌባ እንዴት አይመች?

በዚያው ሰሞን ኤልዳናን ጥርሷን አመማት። መንጋጋዋን በሻሽ አስራ ስትሠራ አንድ ደንበኛ ደወለና በትእዛዙ ላይ ሲጨቀጭቃት ቆየ። ሕመሙ ሲብስባት "አሳዳጊ የበደለህ ባለጌ!" ብላ ጮኸችበት። ደንበኛው አመሰገናት። ስለ ሰጠችው አስተያየት ከልብ አመስግኗት ወደ ትእዛዙ ተመለሰ። ኤልዳና ማዳመጫውን አውልቃ ግድግዳውን ስታይ ቆየች። አሳዳጊው ተነክቶ የሚያመሰግን ሰው በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ማሽን ክብር የለው፣ እናት የለው፣ ደም የሚሠርጽበት ፊት የለው። የመጣው ሊወስድ ነው፤ ሊወስድ የመጣ ደግሞ እስኪወስድ ድረስ ይታገሣል።

በነጋታው ለናሆም ነገረችው። በወሩ ስርቆቱ ቆመ፤ በዓመቱ ነገሩ አገር አዳረሰ። ባንኩ ደንበኛውን መስደብ ጀመረ። የዕቁብ ዳኛ ዕቁብተኛውን ይሰድባል። ሠርግ የሚጠራ ሰው ሙሽራውንም ሚዜውንም አዋርዶ ነው ቀኑን የሚናገረው፤ ያለዚያ ማንም አይመጣለትም። በስልክ "እንደምን አደርክ" ማለት እጅን ሰው ኪስ ውስጥ እንደ መክተት ተቆጠረ። የኤልዳና የሰባት ዓመት ልጅ እናቷ ከሥራ ስትደውል "አንቺ ገልቱ!" ብላ ነው የምታነሣው። መልሱ "ዝጊ፣ አንቺ ንፍጣም!" ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ምሳ ይነጋገራሉ።

የኤልዳና እናት ደብረ ብርሃን ናቸው። ልጃቸውን መስደብ አልሆንላቸው አለ። አንድ ጊዜ ሞከሩ፤ "አንቺ…" ብለው ጀመሩና ቃሉ ጠፍቷቸው "…የኔ ዓለም" ብለው ጨረሱት። ኤልዳና ዘጋችባቸው። እናቷ መሆናቸውን ያወቀችው ፋሲካ ላይ በአውቶቡስ ሄዳ ፊታቸውን በእጇ ስትዳስስ ነው። ከዚያ ወዲህ በስልክ ተነጋግረው አያውቁም።

ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ወፍራም የወንድ ድምፅ ደወለ። ሞጆ አካባቢ ካለ የአበባ እርሻ ክሊኒክ ነው አለ። የእባብ መርዝ ማርከሻ ባስቸኳይ ይፈልጋል።

"አንተንማ እባብ አይነድፍህም" አለችው ኤልዳና። "ዘመዱ ነህ!"

"ምን አልሽ?"

"እባብ ነህ አልኩህ። አባትህም በደረቱ ነበር የሚሄደው።"

"አባቴን! አንቺ… አንቺ ከማን ጋር እንደምታወሪ ታውቂያለሽ? ጥሪልኝ አለቃሽን! ይሄን ቆሻሻ ቤታችሁን ባላዘጋ ከእናቴ አልተወለድኩም!" ጠረጴዛ ሲደበደብ ተሰማ። ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጠረቀመው።

ኤልዳና ደስ አላት። እንዲህ ያለ ጤነኛ ቁጣ ከሰማች ቆይታ ነበር። ራሷ መልሳ ደወለችለት፣ ሌላ ዙር ተሰደበች፣ መጋዘን ውስጥ የቀረውን ካርቶን ማርከሻ ላከችለት። ማርከሻ በዚህ ዘመን ከወርቅ አይተናነስም፤ ግን የተናደደ ሰው እውነተኛ ሰው ነው፣ እውነተኛ ሰው ደግሞ ሲታመም ሊደረስለት ይገባል።

ረፋዱ ላይ ሌላው ደወለ።

"እንደምን አረፈድሽ ልጄ?" አለ። የሽማግሌ ድምፅ ነው።

የኤልዳና ጣት መዝጊያው ላይ ነበር። ቢሆንም ደንቡ ደንብ ነውና "ምን ፈለግህ፣ አንተ የጃጀህ ሌባ?" አለችው።

"ውባንተ እባላለሁ። መተማ ቆላ፣ ነጭ ድንጋይ በምትባል ቀበሌ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነኝ። ወደ መተማ የሚሄደው መኪናችሁ ዛሬ አመሻሽ ላይ በእኛ መገንጠያ ያልፋል። ማርከሻ እንደ ጫነም አውቃለሁ። ከዚያ ላይ አንድ ካርቶን ጥሎልን ይለፍ ብዬ ነው። እናኑ የምትባል የሰሊጥ አራሚ ትናንት ማታ ተነድፋብኛለች፤ እብጠቱ ጉልበቷን አለፈ። በዚህ ክረምት እሷን ተሸክሞ ጎንደር የሚደርስ የለም።"

ኤልዳናን መሳቅ ቃጣት። በጉዞ ላይ ያለን መኪና ለብቻው መንገድ ላይ አራግፍ ማለት ከሁሉ ያረጀ ማጭበርበር ነው።

"መኪናችን የት እንዳለ ማን ነገረህ?"

"ሹፌራችሁ ነዋ። በየወሩ ያልፋል፣ ሰላም እንባባላለን።"

"ሰላም ይንሳህ! ሞት የረሳህ ለማኝ!"

"መርሳቱስ እውነትሽን ነው" አለ። ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበረበት።

ኤልዳና ከወንበሯ ቀና አለች። ሃያ ዓመት የሰበሰበችውን ሁሉ አወጣችው። ዕድሜውን ሰደበች፣ አባቱን ሰደበች፣ ጤና ጣቢያውን የጅብ ዋሻ አለችው። አልሆነም። በመጨረሻ እናቱን አነሣች፤ እናቱን ከነመቃብራቸው። ናሆም ራሱ ከወዲያ ማዶ ቀና ብሎ አያት።

"ልጄ" አለ ሽማግሌው፣ "ቁጣ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። የዝና የምትባለው ልጄ ነግራኛለች። ሌሊቱን ሙሉ ተቆጣ፣ ተሳደብ እያለች ስትመክረኝ ነው ያደረችው። አልሆንልህ አለኝ። ሰው አጠገቤ ተኝታ እያቃሰተች በምን አንጀቴ ልቆጣ? ደግሞ አንችም ደክሞሻል። ድምፅሽ ያስታውቃል።"

ማሽኖች ከዚህ የበለጠም ይላሉ። የሚያለቅሱ አሉ፣ የሚመርቁ አሉ፣ መዝሙር የሚዘምሩ አሉ። ይህንን ኤልዳና ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን "ደክሞሻል" ያላት ሰው ከብዙ ጊዜ ወዲህ አልነበረም፤ ጣቷ መዝጊያው ላይ ቀረ።

"ታገሠ?" አለ ናሆም።

"ታገሠ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

ዘጋችበት። ሽማግሌው "እግዜር…" ሲል ነበር የተቋረጠው።

ከምሳ በኋላ ሞጆ የሄደው አድራሽ ክፍያ ሳይቀበል ባዶ እጁን ተመለሰ። ሦስት ወጣቶች በር ላይ ቆመው ካርቶኑን ተረክበውታል። ማን እንደ ቀጠራቸው ራሳቸውም አያውቁም፤ በስልክ ነው የተቀጠሩት። የአበባ እርሻው ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ክሊኒክ የተባለው ፍየል የሚውልበት ባዶ ቤት ነው።

ናሆም የጠዋቱን ቅጂ ከፍቶ አዳመጠው። ብርጭቆው የሚሰበርበት ቦታ ሲደርስ አቁሞ መልሶ ሰማው።

"ብርጭቆ እንኳ ሰበረልን" አለ። "አየሽ? ቁጣ ተማሩ።"

"ታዲያ ከነገ ጀምሮ በምን እንለያለን?"

"አንለይም። ለማንም አንልክም። ከሁሉም የሚረክሰው እሱ ነው።" ናሆም ይህን ሲናገር ስለ ዝናብ የሚያወራ ይመስል ነበር።

ኤልዳና ከወንበሯ ተነሣች። "የተቆጣው ማሽን ከሆነ፣ ያልተቆጣውስ?"

"እሱም ማሽን ነው።"

"ሰው ቢሆንስ?"

"ሰው ቢሆን ኖሮ ይቆጣ ነበር። ማናደዱን ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?" ናሆም ቅጂውን ዘጋው። "ደግሞስ ቢሆን? ዘግተሽበታል፣ አለቀ። ለኢንሹራንሱ በአንድ ቀን ሁለት ስህተት አላመለክትም። ቁጭ በይ።"

ቁጭ አለች። ናሆም ለስብሰባ ሲወጣ ግን ወደ መተማ ለሚሄደው መኪና ሹፌር ደወለች። ሹፌሩ አሸብር ይባላል። በየጉዞው ሲሰዳደቡ ዓመታት አልፈዋል፤ ከማንም ሰው ይልቅ ከእሱ ጋር ትግባባለች።

"ምነው አንቺ ጥርሰ ወላቃ ጅብ?" አለ አሸብር።

"አንተ የመንገድ ቅማል! የት ደረስክ?"

"ጎንደርን ካለፍኩ ቆየሁ። ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ሰልሏል።"

"ነጭ ድንጋይ የሚባል አገር ውባንተ የሚባል ሰው ታውቃለህ?"

"ጋሽ ውባንተን? እንዴት አላውቀው!" አሸብር ሳቀ። "አምና ክረምት ጭቃ ይዞኝ ሦስት ቀን ቤቱ አሳድሮኛል። በንዴት ዕቃ ሳበላሽበት፣ ስሰድበው፣ ሥጋ ጠብሶ ነው የሚያመጣልኝ። ቢገድሉት የማይቆጣ ሰው ነው። ምነው፣ ሞተ እንዴ?"

ኤልዳና አፍራ ነበር፤ ማፈር እንዴት እንደሚያደርግ ረስታው ስለነበር በመጀመሪያ ያመማት መሰላት። አሸብርስ አሸብር መሆኑን በምን ታውቃለች? ቁጣው እንደሆነ ከዛሬ ጠዋት ወዲህ ምስክር አይሆንም። አሁን የሰማችውን ሳቅ ማሽን መሳቅ አይችልም? ይችላል። ምናልባት ይህ ሁሉ የተጠመደላት ወጥመድ ነው፣ ነገ ከሥራ ትባረራለች፣ ልጇን ይዛ የት እንደምትገባ አታውቅም። ይህን ሁሉ አሰበችና ሁሉም ሰለቻት።

"መገንጠያው ላይ አንድ ካርቶን ማርከሻ ጣልለት" አለችው። "በእኔ ኃላፊነት።"

"ናሆም ያውቃል?"

"ናሆምን ጅብ ይብላው።"

"ሰው ከቆመ ጥዬለት አልፋለሁ" አለ አሸብር። "ከሌለ ግን አልቆምም። እዚህ መንገድ ላይ ቆሞ ሰው የጠበቀ መኪና ጎማው እንኳ አይተርፍም። ጀንበር ሳትጠልቅ እደርሳለሁ።"

ከጤና ጣቢያው እስከ መገንጠያው ያለው መንገድ ዋልካ ጭቃ ነው፤ በበቅሎ እንኳ የከሰዓት ጉዞ ነው። ሰው አሁኑኑ መነሣት አለበት። ኤልዳና ጠዋት የተደወለበትን ቁጥር ፈልጋ መልሳ ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠራ።

"አቤት፣ ማነህ?" አለች አንዲት ሴት።

"ከመድኃኒት አከፋፋዩ ነው የምደውለው። አቶ ውባንተን…"

"ደግሞ ልትዘርፉን መልሳችሁ ደወላችሁ?" አለች ሴትዮዋ። የዝና ናት። ድምፅዋ ያላደረ ሰው ድምፅ ነው። "ከዚያ ቤት ነኝ ነው የምትይው? አባቴን ስትሰድቡት አጠገቡ ነበርኩ። አባቴ ለራሱ አልለመነም፤ ለሰው ልጅ ነው የለመነ። እናቱን አነሣችሁበት! አፈር የለበሰችዋን ሴትዮ! አሁን ምን ቀርቷችሁ ነው? አንችስ ሰው ነኝ ትያለሽ? ሰው የወለደሽ ነሽ?"

ኤልዳና ሥራውን ታውቀዋለች። እያንዳንዱ ስድብ የተከፈተ በር ነው፤ የሚፈለግባት መቆጣት ብቻ ነው። "አፍሽን ዝጊ፣ አንቺ ውርጋጥ!" ብላ ብትጮህ የዝና ትሰማታለች፣ ካርቶኑ ይደርሳል፣ እናኑ ትተርፋለች። ቁጣዋን ከሆዷ ፈለገችው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስትቸረችረው የኖረችው ቁጣ አንዲት ጠብታ አልቀረም። የዝና ደግሞ አንድም የተሳሳተ ነገር አላለችም።

"እውነትሽን ነው" አለች። "የሰደብኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

የዝና ዘጋችው። ይቅርታ የሚል ሰው በስልክ የለማ! የሚለው ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል።

ኤልዳና እንደገና ደወለች። ይህን ጊዜ ፋታ አልሰጠቻትም። "ስሚኝ አንቺ ወራዳ! አንቺ ዐይነ ደረቅ!" ብላ ጀመረች። ቃላቱ በተራ በተራቸው ወጡ፤ ግን አንዳቸውም ሙቀት አልነበራቸውም። ራሷ ስትሰማው ከወረቀት የሚነበብ ይመስል ነበር። "መኪናው… አንቺ ገልቱ… መኪናው ጀንበር ሳትጠልቅ መገንጠያው ላይ ይደርሳል፤ ባስቸኳይ ሰው ላኩ…" አለችና ድምፅዋ ተሰበረ፣ አለቀሰች።

የዝና በምሬት ሳቀች። "ይሄኛው ደግሞ መሳደብም ማልቀስም ተምሯል" አለች። "ሰው ወደ መገንጠያው ስንልክ እዚህ ባዶ ቤት ልትገቡ ነው አይደል?"

ከጀርባዋ አንድ ሰው ያቃስታል። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፤ ዝግ ያለ ነው። "ማነው የዝና?"

"ማንም አይደለም አባ። ማሽን ነው።"

"ጋሽ ውባንተ!" ብላ ጮኸች ኤልዳና። "ጋሽ ውባንተ፣ እኔ ነኝ፣ የጠዋቷ!" ግን ስልኩ የዝና ጆሮ ላይ ነበር፤ እሱ ዘንድ አልደረሰም።

"ማሽንም ቢሆን በስድብ አትሸኝው" አለ ሽማግሌው። "ደህና ዋል በይውና ዝጊው።"

የዝና ተነፈሰች። "ደህና ዋል" አለች፣ ዕቃ የምታናግር በሚመስል ድምፅ። ከዚያ በኋላ ኤልዳና ደጋግማ ብትደውልም ስልኩን ያነሣ የለም።

ናሆም ከስብሰባው ሳይመለስ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ወጣ። ኤልዳና ማዳመጫዋን እንዳጠለቀች በመስኮቱ ብርሃኑ ሲቀላ ታያለች። መስመሩ ጮኸ።

"አንቺ ጅብ!" አለ አሸብር። የሞተሩ ድምፅ ከኋላው ያጉረመርማል። "መገንጠያው ላይ ነኝ። አህያ እንኳ የቆመ የለም። ልለፍ?"

"እባክህ አሸብር" አለች ኤልዳና። "እባክህን ቁምላቸው። ትንሽ ብቻ ጠብቃቸው፣ እለምንሃለሁ።"

ሞተሩ ግን አልዘገመም።

"አንተ ማነህ?" አለ አሸብር። "ኤልዳና እባክህ ብላኝ አታውቅም።"

መስመሩን ዘጋው።